ከስፒከሩ በፊት ጆሮውን



ስለ ክትባትና ስለ ደም ግፊት ስታወራ የከረመች ሴት ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ስፒከር ልታወራ ነው ሲባል "እሷን ደግሞ ምን አገባት?" እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት አላችሁ። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ሳገለግል በእጄ የያዝኩት መርፌና ቴርሞሜትር እንጂ ስፒከር አይደለም። ነገር ግን ሰሞኑን ሦስት ወላጆች በተለያየ ቦታ አግኝተውኝ ያቀረቡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። "ልጄ ለኮምፒውተሩ ውድ ስፒከር ካልተገዛልኝ ብሎ አስጨንቆኛል። እንዲያው ለገንዘቡ የሚሆን ጥቅም አለው ወይ? ጆሮውንስ አይጎዳውም?" ነው ጥያቄው።

በዚሁ ጉዳይ እኛም ቤት ባለፈው ዓመት ብዙ ተከራክረንበታል። ክርክሩ የጀመረው ከስፒከር ነው፤ ያለቀው ግን እኔ ባላሰብኩት ቦታ ነው። ስለዚህ መልሴን ከታሪኩ ልጀምር።

የመጀመሪያ ልጃችን የምትኖረው አሜሪካ ነው። እሑድ እሑድ ወደ ማታ ላይ፣ በእነሱ አገር ረፋዱ ላይ መሆኑ ነው፣ በኮምፒውተር ትደውልና ቤተሰቡ በሙሉ ሳሎን ይሰበሰባል። ባለቤቴ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር። ድሮ እሑድ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ "ገና አልደወለችም?" እያለ የሚያስጨንቀን እሱ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ከኮምፒውተሩ ፊት መቀመጥ መሸሽ ጀመረ። "ድምፁ አይሰማም፤ ይኼ ዕቃ አርጅቷል" ይላል። እኛም አርጅቷል አልን። ላፕቶፑ እውነትም አሮጌ ነው።

አንድ እሑድ የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃችን አፏን ከካሜራው ጋር አስጠግታ፣ በዚያ በሚጥም ስብርብር አማርኛዋ "አባባ፣ ጥርሴ ወለቀ!" አለችው። እሱም ፈገግ ብሎ "ታዲያ አንሺዋ!" አላት። "እርሳሴ ወደቀ" ያለችው መስሎት ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም እዚያ ማዶ ሆና ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ግራና ቀኝ አየን፣ ምን እንዳሳቀን አልገባውም። ከዚያ ቀን ወዲህ "ደህና ናችሁ?" ብሎ አንድ ጊዜ ብቅ ይልና ወደ መኝታ ቤት ይገባል።

ከወር በኋላ ልጄ በሥራ ቀን ብቻዋን ደወለችልኝ። "እማዬ፣ ትንሿ 'አባባ ለምንድነው የማያናግረኝ? ተቆጥቶኝ ነው?' አለችኝ። ምን ልበላት?" ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

መፍትሔውን ያመጣችው ራሷ ናት። "ጥሩ ስፒከር ልግዛላችሁ" አለች። አብሮን የሚኖረው የወንድ ልጄ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። ለካ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ልቡ የወደዳቸው ስፒከሮች ነበሩ። ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ሰዎች የሚጠቀሙባቸው ናቸው አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ የሰማሁት ነገር ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። የእኔና የባለቤቴ ጡረታ ተደምሮ አንድ ዓመት ሳይነካ ቢቀመጥ ነው የሚሞላው።

እኔ ደግሞ ዕቃ ሳልሞክር መግዛት አልወድም። የልጁ ጓደኛ ወንድም የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ ነው፤ ተመሳሳይ ስፒከሮች አሉት። አንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ስላልነበረው አዋሰን። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ብዙ ወጪ ያዳነን እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁ ስፒከሮቹን ጠረጴዛው ላይ ግራና ቀኝ አቁሞ፣ ባለቤቴ በወጣትነቱ በሸክላ ይሰማው የነበረውን የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ከፈተ። እውነቱን ልናገር፣ ሰውነቴን ነዘረኝ። በላፕቶፑ ስንሰማው እንደ ቆርቆሮ የሚንኳኳው ዘፈን ሥጋና ደም አገኘ። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ፣ "ቤዝ ጊታሩ እንዲህ ነበር እንዴ የሚሄደው?" አለ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ "አዩ እማማ? አላልኩም?" አለኝ። እኔም በልቤ ገንዘቡን መቁጠር ጀምሬ ነበር።

እዚህ ላይ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ልጁ ያስረዳኝን ላካፍላችሁ። ስፒከር ማለት ማግኔት፣ የሽቦ ጥቅልልና እንደ ስኒ ጎድጎድ ያለ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ጥቅልሉ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ወረቀቱን ይዞ አየሩን ይገፋል። ወፍራሙን ድምፅ፣ ልጆቹ ቤዝ የሚሉትን፣ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል። ላፕቶፕ ውስጥ የተቀበረችው ስፒከር ግን ስሙኒ የምታክል ናት፤ ብዙ አየር መግፋት አትችልም። ለዚህ ነው ከላፕቶፑ ወደ ተራ የጠረጴዛ ስፒከር ስትሻገሩ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል የሚሆነው። ከመካከለኛው ወደ ውዱ ስትሄዱ ግን ልዩነቱ እያነሰ፣ ዋጋው እየናረ ይሄዳል።

እሑድ ማታ ልጃችን ደወለች። ባለቤቴን በግድ አስቀመጥነው። ትንሿ መናገር ጀመረች። ድምፅዋ ሳሎኑን ሞላው፣ እኔ የሷን ትንፋሽ ሳይቀር እሰማለሁ። ወደ ባለቤቴ ዞሬ "አሁንስ?" አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ "ድምፅዋ ይሰማኛል። የምትለው ግን አይገባኝም" አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህቺን ዓረፍተ ነገር በሥራ ዘመኔ ከስንት አረጋዊ አፍ እንደሰማኋት ቁጥሩን አላውቀውም። "ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም" የሚል ሰው ችግሩ ያለው ከዕቃው ሳይሆን ከጆሮው ነው። በእኛ ጊዜ ለሳንባ ነቀርሳ ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ እንወጋ ነበር፤ መድኃኒቱ ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል ታካሚውን "ጆሮህ ይጮኻል ወይ? ንግግር ይለይልሃል ወይ?" ብለን መጠየቅ ልማዳችን ነበር። የሌላውን ሰው ጆሮ ሠላሳ አራት ዓመት ስጠይቅ ኖሬ፣ አጠገቤ የሚተኛውን ሰው አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። ቴሌቪዥኑን ከፍ ሲያደርግ ተጨቃጨቅኩት። ከዕድር ስብሰባ ሲቀር ሰነፈ አልኩት። ስጠራው ሳይመልስልኝ ሲቀር ናቀኝ ብዬ አኮረፍኩት። ይህን የምጽፈው ከእናንተ መካከልም ዛሬ እንደኔ ያኮረፈች እንደምትኖር ስለምገምት ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ የሹክሹክታ ምርመራ አደረግኩለት። መሣሪያ የማይፈልግ ስለሆነ እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሰውዬው ይቀመጥ፤ እናንተ ከኋላው በክንድ ርቀት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁሙ። ከንፈራችሁን እንዳያይ ነው። የማይመረመረውን ጆሮውን በጣታችሁ በቀስታ ደፍናችሁ ቆዳውን እሹት። ትንፋሻችሁን ካወጣችሁ በኋላ በሹክሹክታ ሦስት ነገር በሉ፤ ለምሳሌ "አራት፣ መ፣ ሰባት"። ሦስቱንም በትክክል ከደገመ ያ ጆሮ ደህና ነው። ካልደገመ ሌላ ሦስት በሉ። ከስድስቱ ቢያንስ ሦስቱን መድገም ካልቻለ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከዚያ ሌላውን ጆሮ በሌላ ቁጥርና ፊደል። የባለቤቴ ቀኝ ጆሮ ከስድስቱ ሁለት አገኘ። ግራው ምንም።

በማግሥቱ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ሄድን። ግራ ጆሮው በኩክ ተደፍኗል። ለዓመታት በክብሪት እንጨት ሲጎረጉረው ኩኩን ወደ ውስጥ እየገፋ ጠቅጥቆታል። ሐኪሙ አለስልሶ አወጣለት፤ ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ "የረዳቱ ጩኸት እንዲህ ነበር እንዴ?" እያለ ሲገረም ነበር። እባካችሁ ጆሮ ውስጥ ክብሪት፣ ቁልፍ፣ የእስክሪብቶ ክዳንም ሆነ ጫፉ ጥጥ የሆነ እንጨት አትክተቱ። መግል የሚያወጣ ወይም ታምቡሩ የተቀደደ ጆሮ ውስጥ ደግሞ በራሳችሁ ዘይትም ውኃም አታድርጉ። በድንገት፣ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መስማት ያቆመ ጆሮ ካጋጠማችሁ "ብርድ ነው፣ ይለቃል" ሳትሉ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቶሎ ከታከመ ሊድን የሚችልበት ዕድል አለ፤ ሳምንታት ካለፉ ግን ያ ዕድል ይጠብባል።

ኩኩ ከወጣ በኋላ በመስማት መለኪያ መሣሪያ ሲመረመር ሁለቱም ጆሮዎቹ በዕድሜ መዳከማቸው ታየ። ጤናማ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ እንደ ፀጉር ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ በአንድ ጆሮ ወደ 15,000 ይሆናሉ። ከሞቱ አይተኩም። በዕድሜም ሆነ በጩኸት ቀድመው የሚጎዱት ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። በንግግራችን ውስጥ ቀጭን ድምፅ ያላቸው እነ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት ናቸው። አናባቢዎቹ ወፈር ስለሚሉ ይሰማሉ፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ግን ይጠፋሉ። ስለዚህ የሰውዬው ጆሮ የቃሉን ዜማ ይዞ ፊደሉን ይጥላል። "ጥርሴ ወለቀ" "እርሳሴ ወደቀ" የሆነው እንዲህ ነው። የሕፃን ድምፅ ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቀጭን ስለሆነ የባሰ ይከብዳል። ቤዝ ጊታሩ ግን ወፍራም ድምፅ ነውና ቅዳሜ ዕለት ያለ ችግር ሰማው። ውዱ ስፒከር ዘፈኑን ያሳመረለትና የልጅቱን ንግግር ያልፈታለት ምክንያቱ ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ25 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኑሯቸውን የሚያውክ የመስማት ችግር አለባቸው። ሳይታከም ሲቀር ሰውን ከሰው ይለያል፣ ለድብርት ይዳርጋል፣ በእርጅና ለሚመጣ የመርሳት ችግርም ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ "ሽማግሌ ነው፣ ያው አይሰማም" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሐኪሙ የመስማት ማገዣ መሣሪያ አዘዘ። ባለቤቴ ዓይኑን ጎልጉሎ "ሽማግሌ ልታደርጉኝ ነው?" አለ። "መነጽር ካደረግህ ሃያ ዓመት አለፈህ፤ ማን ሽማግሌ አለህ?" አልኩት። ዝም አለ። ለልጄ ደውዬ "የስፒከሩን ገንዘብ ለአባትሽ ጆሮ አዙሪው" አልኳት። ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ "እኔ እኮ የተጣላን መስሎኝ ነበር" አለችኝ።

መሣሪያው ተአምር አይሠራም፤ የወጣት ጆሮ አይመልስም። መጀመሪያ ላይ የሰሐን መጋጨት ሳይቀር ጆሮውን ይረብሸው ነበር። በቀን ጥቂት ሰዓት እያደረገ ለመልመድ ሳምንታት ፈጀበት። አሁን ግን ከፊቱ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ከተናገረ ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ለኮምፒውተር ውድ ስፒከር መግዛት ያዋጣል ወይ? የእኔ መልስ እንዲህ ነው።

ስፒከሩ የሚፈለገው ከዘመድ ጋር ለመነጋገር፣ ለትምህርት ወይም ለጨዋታ ከሆነ ውዱ አያስፈልግም። መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ሁለት ስፒከሮች ይበቃሉ። ልጁ ሙዚቃ ወይም ቪዲዮ የሚያቀናብር ከሆነና እንጀራው ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ ወይም ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሙዚቃ ማዳመጥን የዕለት ደስታው ያደረገ ሰው ካለና አቅሙ ከፈቀደ፣ ግዙ፤ ገንዘቡ አይባክንም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

አንደኛ፣ የሚያዳምጠውን ሰው ጆሮ አስመርምሩ። በተለይ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከሆነ፣ ወይም "ምን አልሽ?" የሚያበዛ ልጅ ከሆነ። ልጆች ጆሯቸው ውስጥ ውኃ ቋጥሮ ወይም መግል ይዞ አልሰማ ብሏቸው ትምህርት ላይ ሰነፍ ተብለው የሚቀጡበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ቤቱን እዩ። ሳሎኑ መሐል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ድምፁ ከተንጫጫ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ነው ማለት ነው፤ የትኛውም ስፒከር እዚያ ውስጥ ይደበላለቃል። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ብዙ ይረዳሉ። ስፒከሩን ቡፌ ውስጥ ወይም ጥግ ላይ አትወሽቁት፤ ቤዙ ይታፈንና ያጉረመርማል። ጠረጴዛው ላይ፣ በጆሮ ከፍታ፣ ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርሳቸው የሚራራቁትን ያህል ከእናንተም ይራቁ። ይህን ለማስተካከል ብር አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ የሚሰማው ነገር ከየት እንደሚመጣ አስቡ። ስፒከር የሚሰጠው የተሰጠውን ነው። ካረጀ ካሴት ተቀድቶ ኢንተርኔት ላይ የተጫነ ዘፈን በውድ ስፒከር ሲሰማ አይድንም፤ እንዲያውም ገመናው ይወጣል። ለስልክ ጥሪም ቢሆን የሚደውለው ሰው ከማይክሮፎኑ ርቆ ከተናገረ እኛ ጋ ያለው ስፒከር ምንም አያደርግም። ልጄ ለትንሿ ማይክሮፎን ያለው ርካሽ ሄድፎን ገዛችላት፤ ፊቷ ላይ መብራት እንዲያርፍ አድርጋ ታስቀምጣታለች። አያቷ ከንፈሯን ያያል፤ ከንፈር ማየት ግማሽ መስማት ነው።

አራተኛ፣ ሱቅ ስትሄዱ የምታውቁትን ዘፈን በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እኔን ባለሱቁ "ማዘር፣ ይኼ እኮ ኦርጅናል ነው፣ ዋቱን ይዩት" እያለ ካርቶኑን አሳየኝ። ዋት ብዛት ጥራት አይደለም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ያህል ዋት ይጠይቃል። ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ በእኩል ድምፅ አስደርጓቸው፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ከዚያ ሁለቱንም ቀንሷቸው። ዝግ ብሎም የዘፋኙን ቃል ለይቶ የሚያሰማው ጥሩው ነው።

አምስተኛ፣ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የእነሱ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ስጉት፤ 120 ብቻ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት። ጎረቤታችን በደስታ ሰክተው ስፒከሩ ድምፅ ሳይሆን ጢስ አወጣላቸው። መብራት ሲጠፋም ከኤክስቴንሽኑ ንቀሉት፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ዕቃ ያቃጥላል።

"ጆሮውንስ አይጎዳውም?" ላላችሁ ወላጆች፣ ጆሮን የሚጎዳው የስፒከሩ ዋጋ ሳይሆን የድምፁ ከፍታና የሰዓቱ ርዝመት ነው። 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መሰማት የለበትም። 3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት፣ 100 ከደረሰ ሩብ ሰዓት ብቻ። ለሕፃናት የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከዚያም ዝቅ ብሎ 75 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። መለኪያ የለንም አትበሉ። በክንድ ርቀት ያለ ሰው እንዲሰማችሁ መጮህ ካስፈለጋችሁ በዝቷል። ካዳመጡ በኋላ ጆሮ ውስጥ ጩኸት ከቀረ ከልክ አልፏል።

እንዲያውም አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ከስፒከሩ ይልቅ የምፈራው ጆሮ ውስጥ የሚሰካውን ኢርፎን ነው። የስፒከሩን ጩኸት እናትም ጎረቤትም ትሰማለች፣ "ቀንስ!" ትላለች። የኢርፎኑን ግን ከልጁ ጆሮ በቀር ማንም አይሰማውም። የልጅ ልጄን ያሳመንኩት በዚህ ነው። ውዱን አልገዛንለትም፤ ከዋጋው ሰባተኛውን እንኳ የማይሞላ፣ ግን ድምፁ ጥርት ያለ ሁለት ስፒከር ገዛንለት። ስምምነታችን የክፍሉ በር ክፍት እንዲሆን፣ ኢርፎን ለታክሲ ብቻ፣ እሱንም ከግማሹ ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲሰማ ነው። መጀመሪያ አኮረፈ። አሁን ማታ ማታ ባለቤቴ በሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ "እስቲ ያቺን ዘፈን ድገማት" ሲለው እሰማለሁ። ልጁም የአያቱን ዘመን ዘፈኖች ከእኔ በላይ ያውቅ ጀምሯል።

ባለፈው እሑድ ያው እንደ ልማዳችን ተሰበሰብን። ባለቤቴ ከፊት ተቀምጧል፣ መሣሪያው ጆሮው ላይ ነው። ትንሿ ቀስ ብላ፣ ፊቷን ወደ ካሜራው አድርጋ፣ "አባባ፣ ጥርሴ በቀለ!" አለችው።

ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

"አፍሽን ክፈቺ እስቲ፣ ልየው!" አላት።

የሳምንት ሰው ይበለን።